«በሽታ» በየትኛው ዓምድ ይጻፍ?

በማሠልጠኛ ተቋማችን የጂኦግራፊ ዕጩ መምህራን የሚያዘጋጁትን የትምህርት ዕቅድ ስንመረምር አንድ ሠንጠረዥ ደጋግሞ ይገጥመናል። ከገጠር የሚፈልሰውን ሰው ጉዳይ ለማስረዳት በግራ «ገፊ»፣ በቀኝ «ሳቢ» ምክንያቶች ይደረደራሉ። ከገፊዎቹ ግርጌ፣ ከመሬት ጥበትና ከድርቅ ቀጥሎ፣ «በሽታ» የምትል አንዲት ቃል ትቀመጣለች። መምህሩ ያነባታል፤ ተማሪው ይገለብጣታል፤ ደወል ይደወላል።

ሠንጠረዡ ሐሰት ነው አንልም፤ ግማሹን እንኳ አይነግርም እንጂ። በእኛ አገር በሽታ ሰውን ከመግፋት ይልቅ በደጋው አስሮ ሲያኖር ኖሯል። ደገኛው ገበሬ መሬቱ እየሳሳ ቆላ ያልወረደው በዚያ ሰፊ መሬት መኖሩን አጥቶት አይደለም፤ ንዳዱን ፈርቶም ነው። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ ወደ ወይና ደጋው በወጣ ጊዜ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 የሚሆን እንደ ሞተ ይገመታል።

ካላዛር ደግሞ ሠንጠረዡን ጨርሶ ያፈርሰዋል። በሁመራ ሰፋፊ የሰሊጥ እርሻ ከተከፈተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ በዚህ በሽታ ተጠቃ። አስተላላፊዋ የአሸዋ ዝንብ በዋልካው ስንጥቅና በግራር አካባቢ ትጠለላለች፤ ሠራተኛውም የሚያድረው ከዚያው ግራር ሥር ነው። ሕመሙ የሚገለጠው ግን ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ፣ አገሩ ከገባ ወዲያ ነው፤ ትኩሳቱ አልለቅ ይላል፣ ሰውነቱ ይከሳል፣ ጣፊያው ያብጣል። ካልታከመ አይተርፍም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረርሽኝ ሲነሣ፣ መጀመሪያ መድኃኒት ያልበገረው ወባ መስሎ ነበር። ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ቆላ ወርደው የማያውቁ ሕፃናት ጭምር ታመሙ፤ በሽታው ከመተማና ከሁመራ በተመለሱ ሠራተኞች እንደ መጣ ይታመናል።

አንድ ዕጩ መምህር ይህንኑ ሠንጠረዥ ሲያስተምር አንድ ልጅ እጁን አወጣና፣ «የአክስቴ ልጅ ለሰሊጥ አረም ወርዶ ታሞ ተመለሰ። የእሱ በየትኛው ዓምድ ይጻፍ?» ሲል ጠየቀ። መምህሩ፣ «ከትምህርቱ አትውጣ» አለው። እኛ ከኋላ ተቀምጠን የጠመኔ አያያዙንና የድምፁን ከፍታ እንመዘግብ ነበር፤ ጥያቄውን አልመዘገብነውም።

ከዚያ ክፍል ልጆች መካከል ክረምት ሲገባ ለአረም የሚወርዱ ነበሩ። ዛሬ ቢሆን ሠንጠረዡን አስደምስሰን፣ በካርታ ላይ ከደጋ ወደ መተማ የሚሄድና የሚመለስ ቀስት እንዲሥሉ እናደርግ ነበር፤ ከቀስቱም ሥር ወሩን እንዲጽፉ፦ ሐምሌ መውረጃ፣ ጥቅምት መመለሻ፣ ጥር ትኩሳት።