ለምን ቀረ? የተሰረዙ የኮምፒውተር ጨዋታዎች ታሪክና የአሰላ የሙከራ ማረሻዎች

ኔንቴንዶ «ስታር ፎክስ 2» የተባለውን ጨዋታ በ1995 ገደማ ሠርቶ ጨርሶ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለገበያ ግን አላወጣውም። ሶኒና ሴጋ ባለ ሦስት ልኬት ሥዕል በሚያሳዩ አዳዲስ መጫወቻዎች ወደ ገበያው ገብተው ነበር፤ የኔንቴንዶ የራሱ አዲስ መሣሪያ፣ ኔንቴንዶ 64ም፣ ሊወጣ ተቃርቦ ነበር። በዚያ ሰዓት በአሮጌው መሣሪያ ላይ ባለ ሦስት ልኬት ጨዋታ ይዞ መቅረብ ከተፎካካሪ ጋር መነጻጸርን የሚጋብዝ ሆነ። ጨዋታው ተቀመጠ። ሕዝብ በይፋ ያገኘው በ2017፣ ኩባንያው አሮጌውን ሱፐር ኔንቴንዶ አሳንሶ እንደገና ሲሸጥ ነው። «ማዘር» የተባለው የጃፓን ጨዋታ ዕጣም ተመሳሳይ ነበር። በ1989 በጃፓን ወጣ፤ የእንግሊዝኛው ትርጉም በ1990 ተጠናቀቀ፤ ሳይሸጥ ቀረ። በ1990ዎቹ መጨረሻ አንድ የሙከራ ካሴት በሰብሳቢዎች እጅ ተገኝቶ ተገለበጠ፤ ኔንቴንዶ ራሱ በይፋ ያወጣው በ2015 ነው።

የቆዩ ጨዋታዎችን የሚጠብቁ ሰዎች እነዚህን ሁለት ታሪኮች እንደ ድል ይጠቅሷቸዋል፤ ድል መሆናቸውም አያጠራጥርም። ሆኖም «ስታር ፎክስ 2» የታሪክ ምስክር የሆነው ዕቃው ስለተገኘ ብቻ አይመስለኝም። ለምን እንደተተወም ስለምናውቅ ነው። ምክንያቱ ሲታወቅ ጨዋታው በ1995 አንድ ኩባንያ የፈራውን፣ የተመኘውንና ያሰላውን ይነግረናል። ምክንያቱ ካልታወቀ ብርቅ ዕቃ ይሆናል፤ ብርቅ ዕቃ ዋጋ ያወጣል እንጂ ታሪክ አይናገርም። ስለዚህ የተሰረዘ ጨዋታን መጠበቅ ማለት በመጀመሪያ የመሰረዙን ውሳኔ መጠበቅ ማለት ነው። ይህን ለማሳየት የምመርጠው ቦታ ደግሞ ብዙዎች ከኮምፒውተር ጨዋታ ጋር የማያገናኙት ነው፤ አሰላ።

ከዚያ በፊት ግን ዕቃው ራሱ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጠፋ ማየት ይጠቅማል። ለሙከራ የሚሠሩ ካሴቶች ብዙ ጊዜ የሚይዙት ኢፕሮም የሚባለውን ቺፕ ነው። በላዩ ትንሽ የመስታወት መስኮት አለው። በዚያ መስኮት አልትራቫዮሌት ጨረር ሲገባ በውስጡ የተጻፈው ይጠፋል፤ ቺፑም እንደገና ይጻፍበታል። ለዚህ ነው ሠራተኞቹ መስኮቱን በተለጣፊ ወረቀት የሚሸፍኑት። በወረቀቱ ላይ የጨዋታውን ስም፣ ቀኑንና ስንተኛው ቅጂ እንደሆነ በእስክርቢቶ ይጽፋሉ። በአምራቾቹ መግለጫ መሠረት መስኮቱ ተከፍቶ በቀጥታ ፀሐይ ላይ የተተወ ቺፕ በአንድ ሳምንት ገደማ ሊጠፋ ይችላል። ያች ቁራጭ ወረቀት ፕሮግራሙን ከብርሃን ትጋርዳለች፤ ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ደረጃ እንደሠራውም ትናገራለች። ቺፑን ገልብጦ ወረቀቷን የጣለ ሰብሳቢ ፕሮግራሙን አድኖ ታሪኩን ጥሏል።

እንግሊዛዊው ፍራንክ ጋስኪንግ ከ1999 ጀምሮ ያልወጡ ጨዋታዎችን ሲያሰባስብ ቆይቶ በ2020 ያሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ይህን በሚገባ የተረዳ ሥራ ነው። ፕሮግራመሮቹን፣ ሠዓሊዎቹንና የሙዚቃ ሠሪዎቹን እየፈለገ «ምን ሆኖ ቀረ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚያገኛቸው መልሶች ኩባንያው ከሰረ፣ መሣሪያው ከገበያ ወጣ፣ ፈቃድ ተከለከለ፣ ባለሙያው ታመመ የሚሉ ናቸው። ለገበያ የወጣውም ቢሆን በደህና እጅ ላይ አይደለም። በአሜሪካ የሚገኘው የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባሳተመው ጥናት መሠረት በዚያች አገር ከ2010 በፊት ከወጡት ጨዋታዎች 87 በመቶው በጥናቱ ጊዜ ከገበያ ላይ አይገኙም ነበር። የወጣው እንዲህ ከሆነ ያልወጣውን መገመት አያዳግትም።

አሁን አሰላ ወደምትገኝበት ወደ አርሲ። ኮናሚ በ1983 ያወጣው «ትራክ ኤንድ ፊልድ» የአትሌቲክስ ጨዋታዎችን መልክ የወሰነ ሥራ ነው። ተጫዋቹ ሁለት የሩጫ ቁልፎችና አንድ የዝላይ ቁልፍ አሉት። ሁለቱን ቁልፎች እያፈራረቀ በፈጠነ መጠን በስክሪኑ ላይ ያለው ሯጭም ይፈጥናል። ውድድሮቹ ስድስት ናቸው፤ 100 ሜትር፣ ርዝመት ዝላይ፣ ጦር ውርወራ፣ 110 ሜትር መሰናክል፣ መዶሻ ውርወራና ከፍታ ዝላይ። በዚያው ዓመት የወጣው የአክቲቪዥን «ዲካትሎን» እስከ 1,500 ሜትር ደርሷል፤ የደረሰው ግን አሥሩ የዲካትሎን ውድድሮች ራሳቸው በ1,500 ሜትር ስለሚጨርሱ ነው።

በ1992 የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና 10,000 ሜትር አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። የዚያው ኦሊምፒክ ይፋዊ ጨዋታ «ኦሊምፒክ ጎልድ» ሰባት ውድድሮች ነበሩት፤ ሩጫዎቹ 100 ሜትርና 110 ሜትር መሰናክል ብቻ ናቸው። በ2000 በሲድኒ ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን ከ27 ደቂቃ በላይ ከፈጀ የ10,000 ሜትር ውድድር በኋላ በሰከንድ 9 መቶኛ ቀደመው። የሲድኒ ይፋዊ ጨዋታ ወደ አሥራ ሁለት ውድድሮች አድጎ ነበር፤ ሩጫው ግን አሁንም 100 ሜትርና መሰናክል ነው። አሰላ አካባቢ የተወለደው ሰው ዓለም ባየው ውድድር አሸንፎ በዚያው ውድድር ስም በተሸጠው ጨዋታ ውስጥ የለም። በአሰላም እንደ ሌላው ከተማ ሁሉ ጌም ቤት የገባ ልጅ የሚመርጠው የአውሮፓ የእግር ኳስ ክለብ ነው። ኃይሌን መምረጥ ቢፈልግም የሚመርጥበት ቦታ አልተሠራለትም።

ይህን በንቀት ብቻ መተርጎም ቀላል ነው፤ እኔ ግን አሠራሩን መመርመር የበለጠ የሚያስተምር ይመስለኛል። ሩጫ ማለት የጣት ፍጥነት ነው ተብሎ አንዴ ከተወሰነ 10,000 ሜትር የሚሠራ ነገር አይሆንም፤ 27 ደቂቃ ቁልፍ የሚደበድብ እጅ የለም። ደግሞም ረጅም ርቀት የጉልበት ብዛት ጉዳይ አይደለም። ጉልበትን መቆጠብ፣ ከመሪው ጀርባ መጠለል፣ የሌላውን ትንፋሽ ማዳመጥ፣ ደወሉ እስኪደወል መታገስ ነው። በጭላሎ ተራራ ግርጌና በበቆጂ ሜዳዎች ላይ በየማለዳው የሚለማመዱት ይህን ነው። ይህን ወደ ጨዋታ ለመቀየር ቁልፍ መደብደብን ትቶ አቅምን እንደ ሀብት የሚያስተዳድር ሌላ ስሌት መንደፍ ያስፈልጋል። የአንድ ጨዋታ የዲዛይን ሰነድ ሲጠበቅ የምናገኘው የዚህ ዓይነቱን ክርክር ነው፤ የትኛው ውድድር ታሰበ፣ የትኛው ተሞከረ፣ የትኛው «አሰልቺ ነው» ተብሎ ወጣ። ለአርሲ አንባቢ ከተሸጠው ካሴት ይልቅ ያ ወረቀት ይበልጥበታል።

አሰላ ግን ከዚህ ታሪክ የጎደለች ከተማ ብቻ አይደለችም። ያልተሳካን ነገር መዝግቦ ማስቀመጥ ምን እንደሚመስል ያሳየች ከተማም ናት። በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሰው ሁሉ ካዱ የሚለው፣ መቀመጫው አሰላ ነበር። ከምርጥ ዘርና ከማዳበሪያ ሌላ የእርሻ መሣሪያዎችን የሚነድፍና የሚሞክር ክፍል ነበረው። በዚያ ክፍል የብረት ማረሻ፣ መከስከሻ፣ በበሬ የሚጎተት ጋሪና ሌሎችም ተሠርተው ተፈትነዋል። ካዱ በ1976 ወደ አርዱ ሰፍቶ መላውን አርሲ ሲያዳርስም ሥራው ቀጠለ።

አፈር የሚገለብጠው የብረት ማረሻ በሙከራ ማሳ ላይ ጥሩ ያርስ ነበር። ገበሬው ግን በብዛት አልተቀበለውም። ምክንያቶቹ በጊዜው በተጻፉትም በኋላ በተደረጉትም ጥናቶች ተዘርዝረዋል፤ ይከብዳል፣ በሬዎቹን ያደክማል፣ ዋጋው ውድ ነው፣ አስተካክሎ ለመያዝ ብዙ ልምድ ይጠይቃል። ነባሩን ማረሻ ግን ገበሬው ከሞፈርና ከቀንበሩ ጋር ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ማሳው ድረስ ይሄዳል። ድግሩ ቢሰበር ከጓሮው እንጨት ይቆርጣል፤ ወገሉ ቢላላ የሰፈሩ ቀጥቃጭ ያጠብቅለታል። የካዱ ሰዎች ይህን የሙከራ ታሪክ ተራ ቁጥር በተሰጣቸው የኅትመት ሪፖርቶች አስቀመጡ። ማረሻዎቹ የትም ቢወድቁ አንድ የታሪክ ተማሪ ዛሬ መሣሪያው ምን እንደነበር፣ እንዴት እንደተፈተነና ለምን እንደቀረ ማንበብ ይችላል። ዛሬ በከተማዋ የሚገኘው የአሰላ የግብርና ምህንድስና ምርምር ማዕከልም የሚሠራው በዚሁ መስክ ነው።

ለጨዋታ ታሪክ ጸሐፊዎች የምመክረው ይህን ልማድ እንዲያዩ ነው። የካዱ ሪፖርት ውድቀትን እንደ ግኝት ቆጥሮ ጻፈ። የጨዋታ ኩባንያዎች ግን የተሰረዘውን እንደ ነውር ደብቀው ኖረዋል፤ ዛሬ ጡረታ የወጡ ፕሮግራመሮች ጓዳ ውስጥ ያሉ ፍሎፒዎችን ፍለጋ የሚኬደው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል፤ ምክንያቱና ደንቡ በጽሑፍ ካለ ጨዋታው ራሱ ለምን ያስፈልጋል? የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ (ነባሩ ቼዛችን) መልስ ይሰጣል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 በጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ ላይ ታሪኩንና ደንቡን ጽፎ አስቀምጦልናል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የጠፋው ይህ ጨዋታ አጀማመሩ ልዩ ነው። «ወረራ» በሚባለው ምዕራፍ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ፣ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ደንቡ ይህን ይነግረናል። የእጁን ፍጥነት፣ የዓይኑን ጠለፋ፣ ባላጋራው ሲያፈገፍግ እንዴት እንደሚከተሉት ግን ከወረቀት ላይ ማንሣት አይቻልም። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ የሚሠራው ፕሮግራምም፣ የሚያውቀው ሰው ቃልም። የኮምፒውተር ጨዋታ ዕድለኛ የሆነው ሠሪዎቹ አብዛኞቹ ገና በሕይወት ስላሉ ነው።

ወደ ራሳችን ሶፍትዌር ስንመጣ ጉዳዩ አጣዳፊ ይሆናል። በ1980ዎቹ ፊደላችንን ወደ ኮምፒውተር ያስገቡት ሰዎች፣ የዳሸኑ ፍስሐ አጥላውና የሞዴቱ ዶክተር አበራ ሞላ ከቀደምቶቹ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ለፊደላቱ የራሳቸውን የኮድ ቁጥር ሰጥተው ነበር። በኋላም ብዙ ፕሮግራሞች በየፊናቸው መጡ። ዩኒኮድ ግዕዝን ያካተተው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ ፋይል የራሱ ፎንት ከሌለ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። በዚያ ዘመን በአማርኛ የተጀመረ ማንኛውም ጨዋታ ወይም የመማሪያ ፕሮግራም ፋይሉ ቢገኝ እንኳ አብሮት ፎንቱ ካልተቀመጠ አይነበብም። ዛሬ እንደ ቅኔ ጌምስ ያሉ ድርጅቶች «ኩኩሉ»ንና «ገበጣ»ን ለስልክ ሠርተው አውጥተዋል። ከእነዚህ በፊት የተሞከሩት ታሪክ ካልተሰበሰበ ግን የኢትዮጵያ ጨዋታ ሥራ ከስማርት ስልክ ጋር አንድ ቀን የተወለደ ይመስላል።

ሕጉም ክፍተት አለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በእኛ አቆጣጠር) የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ሥራ ቆጥሮ ይጠብቀዋል። ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ የታተመውን መጽሐፍና ጋዜጣ ይቀበላል። ያልወጣ ሶፍትዌር ግን፣ ስላልወጣ፣ ወደዚያ የሚያስገባው በር የለም። በአገራችን ብዙ ያልወጣ ሶፍትዌር የሚከማቸው በዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር ትምህርት ክፍሎች ነው። ተመራቂ ተማሪ የማጠቃለያ ፕሮጀክቱን ጠርዞ ያስረክባል፤ ፕሮግራሙ በሲዲ ወይም በፍላሽ ይያያዛል፤ ከነዚህም መካከል የልጆች መማሪያዎችና ጨዋታዎች አሉ። ጥራዙ መደርደሪያ ላይ ይቆያል፤ ሲዲው ይላጣል ወይም ከጥራዙ ይለያል። ጥራዙም ቢሆን ስለ ሥራው ዓላማና ጥቅም ይናገራል እንጂ ተማሪው ሊሠራ አስቦ ስለተወው ክፍል ብዙ አይልም፤ እንዲል የሚጠይቀው የለም።

አርሲ ዩኒቨርሲቲና የግብርና ምህንድስና ማዕከሉ ያሉት በአንድ ከተማ፣ በአሰላ፣ ነው፤ በዚያው ከተማ የካዱ ዘመን የሪፖርት ልማድ አለ። ከዚያ ልማድ ተነሥቶ የሚሠራ የሶፍትዌር መዝገብ የሚያስፈልገው ሕንጻ አይደለም። የሚያስፈልገው የፕሮግራሙ ምንጭ ኮድ፣ የተጠቀመበት ፎንትና መሣሪያ፣ ሲሠራ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ፣ እንዲሁም ሠሪው በራሱ ቃል «ይህን አስቤ ነበር፤ በዚህ ምክንያት ተውኩት» ብሎ የሚጽፍበት አንድ ገጽ ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ የፈቃድ ፊርማ መኖር አለበት። አዋጁ መብቱን ለሠሪው ይሰጣልና ያለ ፊርማ መዝገቡ ለአንባቢ ክፍት ሊሆን አይችልም። ፊርማው የሚወሰደውም በርክክቡ ቀን ነው፤ ተመራቂዎቹ አንዴ ከተበተኑ በኋላ አንድ በአንድ ፈልጎ ማስፈረም አይቻልም።