ደም መላሽ ያጣች ነፍስ፦ «ካንቻና» ከመናኸሪያ ሲታይ

ራጋቫ ሎረንስ ራሱ አዘጋጅቶና መሪ ተዋናይ ሆኖ በ2011 ያወጣው «ካንቻና» (የዓመት ቁጥሮቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በታሚል ቋንቋ የተሠራ አስፈሪ ኮሜዲ ነው። በ2007 የወጣውን «ሙኒ»ን ተከትሎ መጣ፤ እሱም በተራው በ2015 እና በ2019 ተከታዮችን አስከተለ። ኮስታራ ሐያሲ እንዲህ ያለውን ፊልም ጩኸቱንና ጭፈራውን አይቶ ንቆ ማለፍ ይቀናዋል። እኔ ግን ፊልሙ ከብዙ ቁምነገረኛ ሥራዎች በተሻለ ድፍረት አንድ ጥያቄ ያነሳል ባይ ነኝ፦ ዘመድ የሌለው ሰው በግፍ ሲገደል ደሙን ማን ይመልስለታል?

ጥያቄው ለሐዋሳ ተመልካች ባዕድ አይደለም። በተለይ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ፣ ስሙ እንደሚለው፣ መንገደኛ የሚገናኝበት ሰፈር ነው። ከዲላ የመጣው፣ ከወላይታ ሶዶ የመጣው፣ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈው ሁሉ ስለ መንፈስ የየራሱን ይዞ ይመጣል። አንዱ ጸበል ተጠምቆ የተፈወሰ ዘመድ አለው፤ ሌላው በጸሎት ቤት መንፈስ ሲወጣ አይቷል፤ ሦስተኛው ሴት አያቱ ጨሌ ነበራቸው። የህንድ ፊልም እንዲህ ላለው ተመልካች በቪዲዮ ቤትም በስልክም ሲደርስ ብዙውን ጊዜ የአማርኛ ተራኪ አለው፤ አንድ ሰው የጎረምሳውንም የእናቱንም የመንፈሱንም ቃል ተራ በተራ ይወክላል። በአንድ አካል ውስጥ ብዙ ድምፅ የሚናገርበትን ታሪክ አንድ አንደበት ሲተርከው የድምፁ ልዩነት ይጠፋል። ያኔ ተመልካቹ መንፈሱ መግባቱን የሚያውቀው ከፊትና ከእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ሎረንስ ወደ ፊልም የመጣው ከዳንስ ስለሆነ በዚህ ረገድ አይከስርም።

ታሪኩ አጭር ነው። ራጋቫ ሥራ ፈት ጎረምሳ ነው፤ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ክሪኬት ይጫወታል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ እናቱ ጉያ ይገባል። ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ እናቱን ይቀሰቅሳል። አንድ ቀን ሰው በማይደርስበት ሜዳ ላይ ለጨዋታ የተከሉት እንጨት ከተቀበረ አስከሬን ጋር ይነካካል፤ መንፈሱም ተከትሎት ቤት ይገባል። እናትየዋ (ኮቫይ ሳራላ) እና የወንድሙ ሚስት (ዴቫዳርሺኒ) ቤታቸው መንፈስ እንዳለበት ለማረጋገጥ ከካህን የተማሯቸውን ፈተናዎች አንድ በአንድ ይሞክራሉ፤ የፊልሙ ምርጥ ሳቅ ያለው እዚህ ነው። ቀስ በቀስ ራጋቫ አምባር ማድረግና ሳሪ መልበስ ይጀምራል። በላዩ ላይ ያደሩት ሦስት ሙታን ናቸው፦ ካንቻና፣ ያስጠጋት ሙስሊም አባወራ እና የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጁ። ሦስቱንም ያስገደላቸው መሬት የቀማ የምክር ቤት አባል ነው።

ሳራትኩማር የሚጫወታት ካንቻና ወንድ ሆና ተወልዳ እንደ ሴት የኖረች ናት፤ ታሚሎች እንዲህ ያለችውን ቲሩናንጋይ ይሏታል። ወላጆቿ አባርረዋታል። በጉልበቷ ሠርታ አንዲት እንደ እሷ የተጣለች ልጅ አሳድጋ ሐኪም አድርጋለች፤ የተቀማችውም መሬት ለድሆች ሆስፒታል የሚሠራበት ነበር። የታሚል ናዱ መንግሥት ለቲሩናንጋዮች የድጋፍ ቦርድ ያቋቋመው በ2008፣ ፊልሙ ከመውጣቱ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። የታሚል ተመልካች ስለ መብታቸው በአደባባይ ሲወራ ሰምቶ ነበር ማለት ነው።

ታሪኩን ከእኛ አገር ልማድ አንጻር እንየው። በአማራው ባህል ሰው ሲገደል ደም መላሽ ይነሳል፤ ወይም ሽማግሌ ገብቶ ጉማ ተከፍሎ ይታረቃል። ሁለቱም ዘመድ ይፈልጋሉ። ካንቻናን ደግሞ ዘመዶቿ በሕይወት ሳለች ካዷት፤ የተዛመዷት ሰዎችም አብረዋት ተገደሉ። ስለዚህ የሰው አካል ትዋሳለች። የምትዋሰው ግን የጀግና አካል አይደለም፤ ከሰፈሩ ሁሉ የመጨረሻውን ፈሪ ትመርጣለች። «የእናቱ ልጅ» እየተባለ የሚሰደብ ወንድ በሴት መንፈስ ደፍሮ ደም መላሽ ሲሆን ፉከራው፣ ሽለላው፣ የወንድነት ወጉ ሁሉ ይገለበጣል። ሳቁ የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ፍርሃት ማስታገሻ ተብሎ በየመሃሉ የተጨመረ ቅመም አይደለም።

የዛርን ነገር ያጠኑ ሰዎችም ከዚህ የራቀ ነገር አልጻፉም። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ከዳካር–ጅቡቲ የጥናት ቡድን ጋር ጎንደር ሰንብቶ መልካም አየሁ የተባሉ ባለዛርን ቤት በቅርብ ተመልክቷል። ሴትዮዋ እንደ ሁኔታው ዛራቸውን ይቀያይሩ ነበር፤ አንዱ መንፈሳዊ ሌላው ተዋጊ፣ ሁሉም የራሱ አነጋገርና አቀማመጥ ያለው። ሌሪስ በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን የሚኖሩት ቴአትር ብሎ ለሙያ ከሚጫወቱት ለይቶታል። ለሐዋሳ የሚቀርበው ግን ጆን እና አይሪን ሃመር በ1966 «ኢትኖሎጂ» በተባለው መጽሔት ስለ ሲዳማ ያወጡት ጥናት ነው። በዚያ ሻታና የሚባለው መንፈስ የያዘው ሰው በራሱ አፍ የማይጠይቀውን ስጦታና ክብር በመንፈሱ አፍ ይጠይቃል። የተያዘ ሰው ሲቀርብ ጎንደርም ሲዳማም የሚቀድመው ጥያቄ ማንነቱና ፍላጎቱ ነው። «ካንቻና»ም ውስጥ የሙስሊም መንፈሳዊ ሰው መንፈሱን ሲያስለፈልፍ የሚወጣው የግድያው ታሪክ ሙሉ ቃል ነው፤ ፖሊስ ያልመዘገበው ምስክርነት እዚያ ይሰማል።

ልዩነቱ ግን መታለፍ የለበትም። ዛር የሞተ ሰው መንፈስ አይደለም። ተረቱ እንደሚለው ሔዋን ከሠላሳ ልጆቿ አሥራ አምስቱን መልከ መልካሞች ከፈጣሪ ብትደብቅ እንደተሰወሩ ቀሩ፤ ዛሮች እነሱ ናቸው። የሚጠይቁትም ጨሌ፣ ሽቶ፣ ቡና፣ የተመረጠ ቀለም ያለው ዶሮ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። የእኛ ሙት ደግሞ ተዝካሩ ከወጣ በኋላ ጉዳዩ ከፈጣሪው ጋር ነው። ካንቻና የዛርን አገባብና የሙትን ክስ አንድ ላይ አስራለች። ጸበል ያስለቅቃል፣ ዛር ቤት ያስታርቃል፤ ፊልሙ ሦስተኛ መንገድ ይመርጣል። መንፈሷ ከተያዘች በኋላ ታሪኳን የሰማው ራጋቫ ዳግም እንድትገባበት በገዛ ፈቃዱ ይፈቅዳል፤ ከበቀሉም በኋላ አብራው ትቀራለች። የዛር ፈረስ መሆንን መርጦ የተቀበለ ሰው ነው።

ከ2005ቱ «ቻንድራሙኪ» ጋር ማነጻጸሩ ይጠቅማል። ፒ. ቫሱ በ1993 ከወጣው የማላያላም ፊልም «ማኒቺትራታዙ» ወስዶ ባዘጋጀው በዚያ ሥራ ጆቲካ የተጫወተቻት ሴት በሙት ዳንሰኛ መንፈስ የተያዘች ትመስላለች፤ ራጃኒካንት የሚሆነው ሐኪም ግን ሕመሙ የአእምሮ ነው ይላል። የሚያድናትም ጠላቷን በአሻንጉሊት ተክቶ የተበቀለች እንዲመስላት በማድረግ ነው። ብልሃቱ ያስደንቃል፤ የሞተችው ዳንሰኛ ግን ፍትሕ አላገኘችም፣ ተሸነገለች እንጂ። «ካንቻና» ሽንገላውን አይቀበልም።

እንከኑ ግን ቀላል አይደለም። ፊልሙ እንድናዝንላት የሚፈልጋትን ሴት በመጀመሪያው አጋማሽ ማስፈራሪያ ያደርጋታል፤ ወንድ ሳሪ ለበሰ ተብሎ ይሳቅና ኋላ በዚያው ሳሪ ይለቀሳል። ተመልካቹ በሳቁ እንዲያፍር ታስቦ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ፊልሙ ግን ያን ሐፍረት አንድም ቦታ አያሳይም። ፍርዱም በቤተ መቅደስ በግድያ ይፈጸማል፤ ፍርድ ቤት የሚባል ነገር ለታሪኩ አያስፈልገውም።

ሎረንስ ራሱ በ2020 በሂንዲ ደግሞ ባዘጋጀው «ላክሽሚ» የፊልሙን ምስጢር የዘነጋ ይመስላል። አክሻይ ኩማር የሚጫወተው አሲፍ በመንፈስ የማያምን፣ አጉል እምነትን የሚያጋልጥ ደፋር ነው፤ መንፈስ የሚይዘውም አማቶቹ ቤት ነው። ፈሪው ልጅ የለም፣ የሚሸሸግባት እናትም የለችም። ደፋር ሰው ሲበቀል ማየት የተለመደ የጀብድ ፊልም ነው፤ ሳቁም ምክንያቱን ያጣል። ዛርን ወይም ሻታናን ወደ ስክሪን ለማምጣት የሚያስቡ የአገራችን ፊልም ሠሪዎች ከሁለቱ የ2011ዱን ይመልከቱ፤ ገጸ ባሕርያቸውንም ከሰፈሩ ፈሪ ይጀምሩ።