ሠሪውና አፍራሹ፦ በአንድ የበራሂ ትርጉም ላይ የቀረበ ሂስ

በሰው 10ኛው ሐብለ በራሂ (ክሮሞዞም) ላይ ስለሚገኘው የኮሊን አሴቲልትራንስፌሬዝ በራሂ (ጂን) ለሕሙማን ቤተሰቦች የተዘጋጀ አንድ የአማርኛ ትርጉም ተመልክተናል። ተርጓሚው ብዙ የደከሙበት መሆኑ አያጠራጥርም፤ አማርኛውም ለዛ አለው። ይሁን እንጂ ሦስት ነጥቦች እርማት የሚያሻቸው ሆነው አግኝተናቸዋል።

አንደኛ፥ «በራሂው አሴቲልኮሊን ያመርታል» ተብሏል። አሴቲልኮሊን ከነርቭ ወደ ጡንቻ መልእክት የሚያደርስ ኬሚካል ነው። በራሂው የሚይዘው የኢንዛይሙን መሥሪያ መመሪያ ነው፤ አሴቲልን ከአሴቲል ኮኤንዛይም ኤ ወስዶ ከኮሊን ጋር በማጣመር መልእክተኛውን የሚያስገኘው ኢንዛይሙ ነው። የአማርኛ ግሥ ይህን ለመለየት አያንስም፤ በራሂ ያሠራል፥ ኢንዛይም ይሠራል።

ሁለተኛ፥ የበራሂው ምሕጻረ ቃል በላቲን ፊደል እንዳለ ተትቷል። ይኸው አጻጻፍ በአገራችን የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ጫት ከሚጻፍበት ጋር አንድ በመሆኑ፥ አንባቢው ነገሩ ስለ ቅጠሉ ይመስለዋል። ሙሉ ስሙን በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይበጃል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ግን የሚከተለው ነው። ከዚህ ኢንዛይም ሌላ አሴቲልኮሊንኤስተሬዝ የሚባል አለ፤ ሥራውም መልእክቱ ከደረሰ በኋላ አሴቲልኮሊንን ማፍረስ ነው። ተርጓሚው ሠሪውንም አፍራሹንም «የአሴቲልኮሊን ኢንዛይም» ብለዋቸዋል። የበራሂው ጉድለት ጡንቻን የሚያደክም፥ በሕፃናትም ላይ ድንገተኛ የትንፋሽ መቋረጥ የሚያስከትል በሽታ እንደሚያመጣ በ2001 እ.ኤ.አ. ታውቋል። ለሕክምናው ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ፒሪዶስቲግሚን ሲሆን፥ አፍራሹን በመግታት ያለው ጥቂት አሴቲልኮሊን እንዲቆይ ያደርጋል። ትርጉሙ በአንድ ገጽ «ልጁ የአሴቲልኮሊን ኢንዛይም ጎድሎታል» ካለ በኋላ፥ በሚቀጥለው «መድኃኒቱ የአሴቲልኮሊን ኢንዛይምን ይገታል» ይላል። ይህን ያነበበች እናት፥ ለልጇ የቀረችውን ጥቂት ኢንዛይም መድኃኒቱ ሊያጠፋበት ነው ብላ ብትደነግጥ፥ ኪኒኑንም ብትከለክለው፥ ስሕተቱ የእርሷ አይደለም።

የውጭው ስያሜም ቢሆን ከመጀመሪያው የጠራ አልነበረም። ናክማንሶንና ማቻዶ በ1943 እ.ኤ.አ. ኢንዛይሙን «ኮሊን አሴቲሌዝ» ብለውት ነበር፤ በኋላ የመጣው «ትራንስፌሬዝ» የማሻገር ተግባሩን በግልጽ ይናገራል። እኛም ይህንኑ መንገድ ተከትለን፥ የውሰት ስሙን ሳንለቅ፥ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ የመጀመሪያውን «አሴቲል አሻጋሪ»፥ ሁለተኛውን «አሴቲልኮሊን አፍራሽ» ብለን ብናብራራ መልካም ነው እንላለን። የተሻለ ስያሜ ያለው ቢያቀርብ በደስታ እንቀበላለን። ተርጓሚው ግን ሌላው ሁሉ ቢቆያቸው እንኳ፥ ስለ መድኃኒቱ የተጻፈውን ያን አንድ ዐረፍተ ነገር ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲያርሙ አደራ እንላለን።