«የባካንት ጉዞ»፦ የእጩ መኮንኖቹ ማስታወሻ ወይስ የአስተማሪያቸው?

በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እጩ መኮንኖቹን እንዴት ያሳድግ እንደ ነበር የሚመረምር ተማሪ፣ በ1886 በለንደን የታተመውን ባለ ሁለት ቅጽ «የባካንት ጉዞ» ማግኘቱ አይቀርም (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መጽሐፉ ከልዑል አልበርት ቪክቶርና በኋላ ጆርጅ 5ኛ ተብሎ ከነገሠው ከወንድሙ የዕለት ማስታወሻ፣ ደብዳቤና ደብተር የተጠናቀረ ነው። አጠናቃሪው አስተማሪያቸው ቄስ ጆን ዶልተን ሲሆን፣ የራሱንም ጭማሪ እንዳገባበት በአርእስቱ ላይ አልሸሸገም። ጥያቄያችን የሚነሣው ከዚሁ ነው፤ የምንሰማው የማንን ድምፅ ነው?

ታሪኩን በአጭሩ እናስታውስ። ወንድማማቾቹ በ1877 በዳርት ወንዝ ላይ ታስራ ትምህርት ቤት ወደ ሆነችው አሮጌ መርከብ ወደ «ብሪታንያ» ገቡ፤ ጆርጅ ያን ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ ነበረ። ሒሳብና የመርከብ አመራር ተማሩ። ከዚያም ከ1879 እስከ 1882 በእንፋሎትም በሸራም በምትሄደው «ባካንት» ተሳፍረው ዓለምን ዞሩ። ዶልተን በሁለቱም መርከቦች አብሯቸው ነበረ።

የመጽሐፉ ትልቁ ጉድለት፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆችን እንደ ሊቅ ማናገሩ ነው። በየወደቡ የአገሩ ታሪክና ጥንታዊ ቅርስ በሰፊው ይተረካል። ነገር ግን የታላቁ ልዑል አእምሮ እንዳንቀላፋ ነው ሲል በሪፖርቱ ያማረረው ይኸው ዶልተን ነው! መምህር ጥያቄውንም መልሱንም ራሱ ጽፎ ለተማሪው ማርክ ቢሰጥ፣ ውጤቱ ስለ ተማሪው እውቀት ምን ያስረዳናል? ትምህርቱ ፍሬ ማፍራቱን በዚህ መጽሐፍ ለማረጋገጥ የሚሞክር ሰው በዚሁ ስሕተት ይወድቃል።

ይሁን እንጂ መጽሐፉን በጠቅላላው መጣል አይገባም። ሐምሌ 11 ቀን 1881 በአውስትራልያ ባሕር፣ ወንድማማቾቹ «ባካንት» ስለ ተበላሸች በሌላ መርከብ ተሳፍረው ሳሉ የተጻፈውን እንመልከት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ «በራሪው ሆላንዳዊ» የምትባለው የምትሐት መርከብ በቀይ ብርሃን ታየች ይላል፤ ያዩትም 13 ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ያያት መርከበኛም በዚያው ጧት ከምሰሶ ላይ ወድቆ ሞተ። ይህን የጻፈው የትኛው ወንድም እንደ ሆነ አይለይም። ሆኖም የመርከበኞቹን እምነትና በየቀኑ ከራሳቸው በላይ ያንዣበበውን አደጋ እንዲህ ያለ አጭር መዝገብ ከብዙ ገጽ ሐተታ ይልቅ ያሳየናል።

ሁለተኛው ጉድለት ዝምታው ነው። መጽሐፉ ስለ ጉዞው ብቻ ስለሚናገር የ«ብሪታንያ»ን ኑሮ አናገኝበትም። ጆርጅ በኋላ ዘመን ሲያስታውስ ግን፣ ልዑልነቱ እንዳልጠቀመውና ትልልቆቹን ልጆች ለጠብ እንዲጋብዝ ጓደኞቹ ይገፋፉት እንደ ነበር ተናግሯል። ይህች አጭር ትዝታ ስለ እጩ መኮንን አስተዳደግ የምትነግረን ከሁለቱ ቅጾች አታንስም።

ለአፍሪካ ታሪክ ተማሪ ደግሞ ሌላ ቁም ነገር አለ። ልጆቹ በ1881 በኬፕ በግዞት የነበረውን የዙሉ ንጉሥ ሴቴዋዮን ጐብኝተዋል። እጩ መኮንኑ ከመርከብ አመራር ሌላ የሚማረው ምን እንደ ነበረ ከዚህ ይታያል፤ ድል የተደረገ ንጉሥ እንደ ወደቡና እንደ ፍርስራሹ ሁሉ ከሚጐበኙት ነገሮች አንዱ መሆኑን ነው።

ስለዚህ መጽሐፉን ሁለት ጊዜ ማንበብ ይበጃል፤ አንድ ጊዜ አንድ መምህር ልዑላኑ ምን እንዲመስሉ እንደ ፈለገ ለማወቅ፣ ሁለተኛም ከእርሱ ሐተታ ሥር የቀረችውን የልጆቹን የዕለት መዝገብ ለመልቀም። ሁለቱን ሳይለይ የሚጠቅስ ግን የዶልተንን ምኞት የልጆቹ ታሪክ ነው ብሎ ያቀርብልናል።