ድንጋዩ ቀድሞ፣ ዓሣው በመጨረሻ

የዓሣ ገንዳ የሚሠራ ሰው እጁ የሚታወቀው ከዓሣዎቹ በፊት በድንጋዮቹ ነው። ጃፓናዊው ታካሺ አማኖ ከሠራቸው የድንጋይ ገንዳዎች የአንዱን ፎቶ አጉልታችሁ ብታዩ ድንጋዮቹ በሙሉ ወደ አንድ ወገን እንዳዘነበሉ ታስተውላላችሁ። ለዘመናት ወራጅ ውሃ ከአንድ አቅጣጫ የመታቸው ይመስላሉ። በአንዱ ገላ ላይ የሚታየው ስንጥቅ አቅጣጫውን ሳይስት በሚቀጥለው ድንጋይ ላይ ይገኛል። ትልቁ ድንጋይ፣ ጃፓኖቹ ኦያኢሺ የሚሉት፣ መሐል ላይ አይቆምም፤ ከገንዳው ርዝመት አንድ ሦስተኛው አካባቢ ይተከላል። ቁጥራቸውም ጎዶሎ ነው፤ ሦስት፣ አምስት ወይም ሰባት። ጥንድ ጥንድ ከሆኑ ዓይን ወዲያው ለሁለት ይከፍላቸዋል፤ ያን ጊዜ የሰው እጅ እንዳለበት ይታወቃል።

አማኖ እ.ኤ.አ. በ1954 በኒጋታ ተወለደ። በወጣትነቱ ተወዳዳሪ ብስክሌተኛ ነበር፤ በኋላ ትልልቅ የፊልም ካሜራዎችን ተሸክሞ የአማዞንን፣ የቦርንዮንና የምዕራብ አፍሪካን ደን ፎቶ አነሳ። እ.ኤ.አ. በ1982 አኳ ዲዛይን አማኖ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። በመኖሪያ ቤቱ የነበረው ገንዳ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱና ቁመቱ አንድ ተኩል ሜትር ነበር። ይሁንና ጥበቡን ለመረዳት ያን ያህል ውሃ አያስፈልግም። 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ወርድ፣ 36 ቁመት ያለው፣ 60 ሊትር ገደማ የሚይዝ የቤት ገንዳ ይበቃል። እንዲያውም ትንሹ ገንዳ ይበልጥ ይፈትናል ባይ ነኝ፤ ስህተት የሚደበቅበት ቦታ የለውምና።

አፈሩን ተመልከቱ። ከፊት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ እየወጣ ሄዶ ከአሥር በላይ ይደርሳል። ይህ ዳገት ነው 30 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያላትን ሣጥን ሩቅ የሚያሳያት። ድንጋዩም አፈሩ ላይ አይቀመጥም፤ ሥሩ ተቀብሮ ከመሬት የበቀለ እስኪመስል ድረስ ይተከላል። ለዚህ ሲባል ከድንጋዩ ግማሽ የሚጠጋው ማንም በማያየው ቦታ ይቀራል። ድንጋይ ገዝቶ ግማሹን ለመቅበር መጨከን የባለሙያ ነገር ነው።

ከዚያ ተክሉ ይከተላል። ግሎሶስቲግማ የምትባለው ትንሽዬ ተክል ቅጠሏ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ የምትተከለውም አንድ በአንድ፣ ረጅም ወረንጦ ተይዞ ነው። ገንዳው ገና በውሃ አልተሞላም፤ አፈሩ ርሷል እንጂ። ወረንጦው ግንዷን ከሥሯ ይዞ ጋደል ብሎ ይገባል፤ ጫፏ ብቻ እስኪቀር ድረስ ከተቀበረች በኋላ በመጠኑ ይላላና ትንሽ ነቅነቅ እያለ ይወጣል። ቀጥ ብሎ ገብቶ ቀጥ ብሎ ከወጣ ተክሏን ይዟት ይመለሳል። በመካከላቸው ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል እየተተወ ይህ በመቶ ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። ሥራው ሲያልቅ የሚታየው እዚህም እዚያም ብቅ ያለ አረንጓዴ ነጥብ ብቻ ነው። ብርሃንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በልኩ ካገኘች ግን በሳምንታት ውስጥ መሬቱን ትሸፍነዋለች።

አማኖ የሪችያንም ቦታ ለወጠ። ሪችያ ውሃ ላይ የምትንሳፈፍ ተክል ናት። እሱ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በቀጭን ክር አስሮ ወደ ታች አወረዳት። ከሰዓት በኋላ፣ በዙሪያዋ ያለው ውሃ ኦክሲጅን ከጠገበ በኋላ፣ የምታወጣው ኦክሲጅን መሟሟት ያቅተውና በየቅርንጫፏ ጫፍ ላይ ፊኛ ሆኖ ይንጠለጠላል። ፎቶግራፎቹ ላይ እንደ ጌጥ የሚታየው ያ ብርማ ነጥብ ተክሏ ጤነኛ ለመሆኗ ምልክት ነው።

ዓሣ ግን ገና ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ይወገዳል፤ ማጣሪያው ይከፈታል፤ ከዚያ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይጠበቃል። ዓሣ በስንጥቡ፣ ማለትም በሚተነፍስበት አካሉ፣ አሞኒያ ያስወጣል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ደግሞ ከናይትራይት ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። እነሱ ሳይበዙ ዓሣ ማስገባት ጣሪያ ሳይመታ ቤት እንደመግባት ነው።

የዓሣ ምርጫውን ከድንጋይ ተከላው ለይቼ አላየውም። ትልቁ ምክንያት መጠን ነው። ዓሣው ትንሽ በሆነ ቁጥር ድንጋዩ ይገዝፋል። አራት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ካርዲናል ቴትራ በኦያኢሺው አጠገብ ሲያልፍ አንድ ክንድ የማይሞላው ድንጋይ ተራራ ይሆናል፤ በዚያው ቦታ አንድ አንጀልፊሽ ቢያልፍ ተመልሶ ጠጠር ነው። ከዚህም በላይ አንጀልፊሽ አፉ የሚችለውን ትንሽ ዓሣ ይውጣል። ሁለቱም የአማዞን ወገን ናቸው፣ ውሃቸውም ይስማማል፤ ግን አንዱ የሌላው ምግብ ነው። ለውሃ መስማማትና አብሮ ለመኖር መስማማት ለየቅል መሆናቸውን ይህ ጥንድ በደንብ ያሳያል።

ካርዲናል የሪዮ ኔግሮ ዓሣ ነው። በዚያ ያለው ውሃ ጥቁር፣ አሲዳማና ማዕድን የሌለው ለማለት የሚያስደፍር ነው። እንግዲህ ለመልኩ የተመረጠ ድንጋይ ኖራ ካለበት ውሃውን በማዕድን እያከበደ ይሄዳል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ሰው ድንጋዩን ከመትከሉ በፊት ኮምጣጤ ጠብ አድርጎ አረፋ መኖር አለመኖሩን የሚያየው። የማላዊ ሐይቅ ሲክሊድ ዓሦች ቢሆኑ ያንኑ ድንጋይ ይወዱት ነበር፤ እነሱ ግን አፈር ቆፋሪና ቦታ ተከላካይ ናቸው፤ ያ ሁሉ የወረንጦ ሥራ በእነሱ ፊት አይቆይም። የዋሁ ኮሪዶራስ እንኳ በጢሙ አፈሩን ሲፈትሽ ገና ሥር ያልሰደደችውን ግሎሶስቲግማ ይነቅላታል። ጎልድፊሽ ቀዝቀዝ ያለ ሰፊ ውሃ የሚፈልግ ትልቅ ዓሣ ነው፤ በብርጭቆ ሳህን ውስጥ ባየሁት ቁጥር ያሳዝነኛል።

ካርዲናል ከስድስት ካነሰ ይፈራል፤ ይደበቃል፤ ቀለሙም ይደበዝዛል። አሥራ አምስት ሆኖ ሲሄድ ግን ከዓይኑ ወደ ጭራው የሚሄደው ሰማያዊ መስመር በአንድ ጊዜ ሲታጠፍ ይታያል። ያ ሰማያዊ ቀለም ሳይሆን በቆዳው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ብርሃን ሲመልሱ የሚፈጠር ነው፤ ስለዚህ ዓሣው በዞረ ቁጥር ወደ አረንጓዴ ይላል። አንድ ዓይነት ዓሣ ብቻ ማስገባት የሚክሰው እዚህ ላይ ነው።

ከእነሱ ጋር የሚገቡት ሠራተኞች ናቸው። ኦቶሲንክለስ የተባሉ ጥቂት ትናንሽ ዓሦች ከቅጠል ላይ አልጌ ይልሳሉ። አማኖ ለዚሁ ሥራ ያስተዋወቀው ሽሪምፕ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ እጮቹ ለማደግ ጨዋማ ውሃ ስለሚፈልጉ በገንዳው ውስጥ አይራባም፤ የገባው ቁጥር እንደተወሰነ ይቆያል።

አማኖ ይህንኑ ልክ በትልቁም አልተወውም። የመጨረሻ ታላቅ ሥራው በሊዝበን አኳሪየም እ.ኤ.አ. በ2015 የተከፈተው 40 ሜትር ርዝመትና 160,000 ሊትር ውሃ የነበረው ገንዳ ነው፤ እሱ ራሱ በዚያው ዓመት ሞተ። በገንዳው 10,000 ያህል ዓሣ ነበር፤ ዓይነታቸው ግን 40 ገደማ ነበር። በአማካይ ከአንዱ ዓይነት 250 ማለት ነው።