እሳት ያልነካው ፍትፍት

የሱፍ ፍትፍት! ነጭ፣ ቀዝቃዛ፣ ቃሪያና ዝንጅብሉ አፍንጫ ድረስ የሚዘልቅ፣ ምድጃ ሳይለኮስና ድስት ሳይጣድ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ እንጀራ ላይ የሚፈስ የሱፍ ፍትፍት! እዚህ ቨርጂኒያ ሐምሌ ሲገባ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀናት ብርቅ አይደሉም። አየሩ እርጥብ ነው፤ ልብስ ገላ ላይ ይጣበቃል፤ ሽንኩርት ማቁላላት ገና ሲታሰብ ያደክማል። በዚህ ሰሞን ማቀዝቀዣው ውስጥ አንድ ጠርሙስ የሱፍ ውሃ ያለው ቤት የታደለ ቤት ነው።

የሱፍ ፍትፍትማ ማን የማያውቀው አለ ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የሁዳዴ ምግብ ብለን ነው የምናውቀው። ጾሙ ሲፈታ አብሮ ይሰናበታል፤ ከዚያ በኋላ ክትፎውና ዶሮው ሲመጣ ማን ያስታውሰዋል? ያስደነቀኝ ይህ ነው። ለጾም ብቻ ብለን ያስቀመጥነው የቀዝቃዛ ምግብ ሙያ፣ ሱፉ፣ ተልባው፣ አዚፋው፣ ስልጆው፣ ሁሉም ለሙቀት ቀን የተሠራ እስኪመስል ድረስ ልክ ነው! ደግሞ ቢያስቡት ምክንያት አለው። የሁዳዴ 55 ቀናት የሚውሉት ደጋው ራሱ ሳይቀር በሚሞቅበት፣ ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። ጿሚው እስከ ከሰዓት በኋላ እህል ውሃ ሳይቀምስ ይቆያል። እንዲህ ለዋለ ሆድ የሚንተከተክ ወጥ ከማቅረብ ይልቅ የሚያርስ፣ የሚያጠግብ፣ የማያቃጥል ነገር ማቅረብ እንዴት ያለ አስተዋይነት ነው!

ለእኔ ይህ የተገለጠልኝ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአገር ቤት የመጡ አንዲት እናት ቤት ነው። የሐምሌ እኩለ ቀን ነበር። ጾም የለም፣ ዓርብም አይደለም። ላግዝዎት ብዬ ወደ ወጥ ቤት ስነሳ፣ «ቁጭ በይ ልጄ፣ በዚህ ሙቀት እሳት ምን ይሠራል?» አሉና ከማቀዝቀዣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን አወጡ። የመጀመሪያው ጉርሻ! እንጀራው የሱፉን ውሃ ጠጥቶ ልሟል፤ ቅዝቃዜው ጉሮሮ ላይ ይወርዳል፤ ከኋላው ቃሪያው ይደርሳል፤ ከዚያ ዝንጅብሉ። ግንባሬ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ ላቡም ሲደርቅ ይዞት የሄደው ሙቀት ታወቀኝ። «እማማ፣ ይሄን ነገር ዓመቱን ሙሉ የት ደብቀነው ነው የኖርነው?» አልኳቸው። ሳቁና ጨመሩልኝ።

አሠራሩን እንዲያስተምሩኝ ለመንኳቸው፤ እኔም ልንገራችሁ። የአገር ቤቱ ሱፍ ከሐበሻ ሱቅ ከተገኘ እሰየው። የድሮው መንገድ ፍሬውን ጥቂት አፍልቶ፣ ወቅጦ፣ በውሃ እያሹ ማጥለል ነው። ካልተገኘ፣ ወይም ያችን ጥቂት እሳት እንኳ የማትፈልጉ ከሆነ፣ የተፈለፈለ የፈረንጅ ሱፍ ግዙ፤ ያልተቆላና ጨው ያልነካው ይሁን። ማታ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ድፉና ሱፉን አለቅልቁት። ለአንድ ኩባያ ሱፍ ሦስት ኩባያ ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ጨምራችሁ በጁስ መፍጫ ፍጩት፤ ረዘም አድርጉት፣ አትቸኩሉ። ከዚያ በስስ ንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት፤ ጨርቁን ጭምቅ ጭምቅ! ሲወርድ ስታዩት የምትታለብ ላም አጠገባችሁ ያለች ነው የሚመስላችሁ።

ያ ንጣት ከየት መጣ? የተፈለፈለ የፈረንጅ ሱፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው፤ አንድ አምስተኛው ያህል ደግሞ ፕሮቲን። ሲፈጭ ዘይቱ እጅግ ደቃቅ ነጠብጣብ ይሆናል፤ ፕሮቲኑ እያንዳንዱን ነጠብጣብ ከቦ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሎ ይይዘዋል፤ ብርሃን እነሱ ላይ ሲበተን ነጭ ሆኖ ይታየናል። የላም ወተት ነጭ የሚሆነውም በዚሁ መንገድ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ቅቤ የለ፣ ዘይት አልተጨመረ፣ እሳት አልነካው፣ ግን ያጠግባል! ሰላጣ በልቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ መራብ እዚህ የለም።

የሱፉ ውሃ ላይ ቀይ ሽንኩርት አድቅቃችሁ፣ ቃሪያ ከነፍሬው ከትፋችሁ፣ ዝንጅብልና ትንሽ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጣችሁ፣ ጨው ጨምሩ። ሎሚ የሚጨምቁበት አሉ፤ እኔ የእንጀራው ኮምጣጣነት ይበቃዋል ባይ ነኝ። እንጀራው የትናንት ይሁን፤ ትኩስ እንጀራ ወዲያው ይፈርሳል፣ ያደረው ግን ውሃውን ጠጥቶም መልኩን ይይዛል። ፈትፍታችሁ አሥር ደቂቃ ያህል ማቀዝቀዣ ውስጥ መልሱት። እባካችሁ ይቺን አሥር ደቂቃ አትዝለሏት! አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ የሱፍ ውሃ ሙቀት ላይ ቶሎ ይበላሻልና ውጪ አታስቀምጡት። ሽንኩርትና ቃሪያውንም ልትበሉ ስትሉ ብቻ ጨምሩ።

እንጀራ ካለቀስ? ድርቆሽ! ፀሐይ ላይ የደረቀው እንጀራ ከአገር ቤት በሻንጣ ተጭኖ መጥቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ወራት ይቀመጣል፤ የሱፍ ውሃ ሲያገኝ ነፍስ ይዘራል። ጠርዙ ትንሽ ኮርሸም ይላል፣ መሀሉ ይልማል፤ እንዲያውም ከእንጀራው አስበልጬ የምወደው ጊዜ አለ። ዱባይና ሪያድ ያላችሁ እህቶች፣ ሐምሌ ላይ ቴርሞሜትሩ ከ40 ሲያልፍ፣ ለራሳችሁ ማብሰያ ጊዜውም ጉልበቱም በማይተርፋችሁ ቀን፣ ሻንጣችሁ ጥግ ያለችውን ድርቆሽ አስታውሷት።

ስለዚህ ምግብ ማንበብ ስጀምር ደግሞ ሌላ ደስታ አገኘሁ። ስፔን ውስጥ፣ በሙቀቱ በሚታወቀው በአንዳሉሲያ፣ አጆ ብላንኮ የሚባል ምግብ አለ። ጥሬ አልሞንድ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከደረቀ ዳቦ፣ ከዘይት፣ ከኮምጣጤና ከውሃ ጋር ይፈጫል፤ ነጭ ሆኖ፣ ቀዝቅዞ ይቀርባል፤ ላዩ ላይ የወይን ፍሬ ጣል ይደረግበታል። ጣል የሚደረገው ወይን ይለየው እንጂ የሱፍ ፍትፍት የሥጋ ዘመድ ነው! ሁለት ሕዝብ፣ በባሕርና በበረሃ ተለያይቶ፣ ፀሐይ ስትበረታ ወደ አንድ ሐሳብ መጣ፤ ዘይት ያለው ፍሬ ፍጭ፣ በውሃ በጥብጥ፣ ያደረ እንጀራ ወይም ዳቦ አርስበት። የእነሱ ዝናው ከአገር አልፎ የትልልቅ ምግብ ቤቶች ጠረጴዛ ላይ ደርሷል። የእኛስ ምን አነሰው?

አዚፋን ሳልጠቅስ ባልፍ ደግሞ ይቆጨኛል። እሱ እሳት ይፈልጋል፤ ቢሆንም አንዴ፣ ማታ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል፣ ድፍኑ ምስር እስኪበስል ብቻ። በነጋታው ደፍጠጥ አድርጋችሁ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚና ዘይት ትጨምራላችሁ፤ ከሁሉም በላይ ሰናፍጭ። ሰናፍጩን ታዲያ በቀዝቃዛ ውሃ ለውሱት! ፍሬው ሳይፈጭ ዝም ያለ ነው፤ ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው ውስጡ ያለው ኤንዛይም ይነቃና ያ አፍንጫ የሚነዝር ኃይል ያን ጊዜ ይወለዳል። የፈላ ውሃ ካፈሰሳችሁበት ኤንዛይሙ ይሞታል፣ ኃይሉም ሳይወለድ ይቀራል። ማለትም ይህ ጣዕም በቀዝቃዛ ውሃ የሚገኝ ነው! እኔ ይህን ሳውቅ ብድግ ብዬ ነው ያጨበጨብኩት።

ተልባም ቢሆን ተቆልቶ የተፈጨ ካላችሁ ውሃ፣ ጨውና ሚጥሚጣ ብቻ ነው የሚጠይቃችሁ። በሶማ ጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር ሲናጥ ያልቃል።

አገር ቤት ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው፤ ጋቢ ተደርቦ የሚንተከተክ ሽሮ የሚናፈቅበት ወቅት ነው። የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 ሲያዝ አዲስ አበባ ጭቃ ነው፤ ዋሽንግተን ግን ያው ጾም የዓመቱ ሙቀት ላይ ይወድቃል። ከሰዓት ከቅዳሴ ወጥታችሁ፣ ፀሐይ ላይ የዋለች መኪና ውስጥ ገብታችሁ ቤት ስትደርሱ የሚጠብቃችሁ ይህ ፍትፍት ቢሆን ብላችሁ አስቡ። የማይጾምም ይብላው። ወተት የማይስማማውም፣ የእንስሳ ተዋጽኦ የማይበላውም ጎረቤት ይብላው፤ ለሁሉም የሚሆን ነው።

ስትሠሩ ታዲያ ዕጥፍ አድርጋችሁ ሥሩ። ግማሹን የሱፍ ውሃ ሽንኩርት ሳይነካው በጠርሙስ አስቀሩና ማር በጥብጡበት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መንገዱ ሁሉ በሙቀት ሲርገበገብ፣ በረዶ የሞላ ብርጭቆ ላይ ቀድታችሁ ጠጡት፤ ከዚያ ንገሩኝ!