መጽሐፉን ዝጋና ንገረኝ

ተማሪ «አጥንቻለሁ» ሲለኝ መጀመሪያ መጽሐፉን ተቀብዬ አያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ገጹ ከላይ እስከ ታች በስክሪብቶ ተሰምሯል። የቱ ዋናው ሐሳብ፣ የቱ ማብራሪያው እንደሆነ አልለየም ማለት ነው።

ደብረ ማርቆስ ባዮሎጂ ሳስተምር በየዓመቱ የሚገጥመኝ ይኸው ነው። 9ኛ ክፍል ላይ የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ይሆናል። ከጎዛምን፣ ከአነደድ፣ ከስናን መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ልጅ ያልገባውን አንቀጽ ሲፈጭ ያድራል። አንዱን ኦስሞሲስ ምንድን ነው ብለው የመጽሐፉን ፍቺ አንዲት ቃል ሳይስት አወረደልኝ። «ድንች ልጠህ፣ ቆራርጠህ፣ ጨው የበዛበት ውሃ ውስጥ ብታሳድረው ጠዋት ጠንክሮ ታገኘዋለህ ወይስ ተልፈስፍሶ?» አልኩት። ዝም አለ። ድንች ከሚያመርት ቤት የመጣ ልጅ ነው፤ ውሃው ከድንቹ ወጥቶ ወደ ጨዋማው እንደሚሄድ የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይዞታል፤ ድንቹ ግን ትዝ አላለውም።

ሽምደዳ ሲወቀስ ጣት የሚቀሰረው አብነት ትምህርት ቤት ላይ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁ ያለፉባቸውን ደብረ ኤልያስን፣ ደብረ ወርቅን፣ ዲማ ጊዮርጊስን በመሰሉ ጉባኤ ቤቶች በቃል መያዝ አለ፤ ግን ብቻውን አይሄድም። የቅኔ ተማሪ ቅኔ ሲቆጥር ውሎ ያወጣውን ለአስነጋሪው ወይም ለየኔታ ይነግራል፣ ይታረማል፤ የትናንቱን ይዞ መምጣት ነውር ነው። ትርጓሜ ቤት ደግሞ የግእዙ ንባብ ይሰማል፣ ነጠላ ትርጉሙ በአማርኛ ይከተላል፣ ከዚያ «አንድም» እየተባለ ምስጢሩ ይብራራል። በባዕድ ቋንቋ የተጻፈን መጽሐፍ ማንበብ ከዚህ የተሻለ ያስተማረኝ የለም። የኛ ልጆች የወሰዱት ቃል መያዙን ብቻ ነው፤ ሰሚውንና ትርጓሜውን ትተውታል።

ስለዚህ ክፍል ውስጥ እንዲህ አደርጋለሁ። ምዕራፉ ሲጀመር ከመጨረሻው የክለሳ ጥያቄ እንነሳለን፤ ምን ፍለጋ እንደምናነብ እንወቅ። ቀጥሎ ንዑስ ርዕሶቹንና ሥዕሎቹን። ከዚያ አንድ ንዑስ ርዕስ ብቻ ይነበብና መጽሐፉ ይዘጋል። አንዱ ለጓደኛው በአማርኛ ይነግራል፤ ጓደኛው መጽሐፉን ገልጦ ያስነግረዋል፣ «ለምን?» ይለዋል፣ ከቤቱ ምሳሌ ያስመጣዋል። የመጨረሻው ሥራ በራስ እንግሊዝኛ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው። እንግሊዝኛው ቢሰባበርም ግድ የለኝም፣ ከአጋዥ መጽሐፍ ካልተገለበጠ። የሙያ ቃላቱንና ቀመሩን ግን በቃል አስይዛለሁ፤ ይህን ሽምደዳ የሚል ይበል።

ጠይቆ የማንበቡን ዘዴ አሜሪካዊው ሮቢንሰን በ1946 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አድርጎ አሳትሞታል። እኔን ይበልጥ የረዳኝ ግን ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ነው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ጽሑፉን ሳያዩ ያስታወሱትን ሲጽፉ የነበሩት ቀደሟቸው። ልጆቹ የፈተና ዋዜማ ንባብን ለምን እንደሚያምኑት የገባኝ ያኔ ነው፤ ለነገ ጠዋት በእርግጥም ይሠራል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ግን የዓመታት ትምህርት ይጠይቃል። የ2014 ዓ.ም. ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለ፣ የአነባበብ ጉድለት ግን አንዱ ነው ባይ ነኝ።

ዘዴውን መጀመሪያ የሚጠሉት ቀለሜዎቹ ናቸው። አንብበው የገባቸው የመሰላቸው ነገር መጽሐፉ ሲዘጋ ይጠፋባቸዋል፤ ያናድዳል። የአንድ ለአምስት ቡድንም አልረዳኝም፤ አንዱ ያወራል፣ ሌሎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሁለት ሲሆኑ ግን መደበቂያ የለም።

ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጡ ወደየቤታቸው የሚሄዱትን መጽሐፍ አትሸከሙ እላቸዋለሁ። መንገድ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሳምንቱን ይነጋገራሉ፤ መሐል ላይ የጠፋባቸውን ብቻ በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ያመጣሉ። የሰኞን ትምህርት የምጀምረው ከዚያ ወረቀት ነው።